ፎቶን ሻርፕ ማድረግ፦ ከፋሲል ግንብ እስከ ሙሽራዋ ፊት

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቀቁ የጎንደር ፎቶዎችን ትንሽ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የፋሲል ግንብ ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥሩ። ዓይናችሁን ወደ ማማው ጫፍ ስታነሱ ግን ግንቡና ሰማዩ በሚገናኙበት ቦታ ዓይን ያወጣ ነጭ መስመር አለ። ሰማዩ ራሱ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ፎቶ አንሺው ጥሩ ካሜራ ይዟል፣ ብርሃኑንም ጠብቆ ነው ያነሳው። ሥራውን ያበላሸችበት መጨረሻ ላይ የጎተታት አንዲት ስላይደር (ግራና ቀኝ የምትጎተት ማስተካከያ) ናት።

ይህ መመሪያ ስለዚያች ስላይደርና ስለ ጎረቤቶቿ ነው። ብዙ ሰው «ሻርፕነስ ስንት ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። በእኔ እምነት የሚቀድመው ጥያቄ «የቱን ቦታ ሻርፕ አላድርግ?» ነው። ሰማይ፣ ቆዳ፣ ጥላ ያረፈበት ግድግዳ፣ ከጀርባ የደበዘዘ ሕዝብ፣ እነዚህ ምንም አያስፈልጋቸውም። እነሱን ከለያችሁ በኋላ ቁጥሩ ብዙም አያስቸግርም።

የማሳያችሁ በላይትሩም፣ በአዶቢ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው። የኮምፒውተሩም የስልኩም አራቱ ስላይደሮች አንድ ናቸው። ስናፕሲድና ፎቶሾፕ የምትጠቀሙም ወረድ ብላችሁ ድርሻችሁን ታገኛላችሁ።

ሻርፕነስ ምን ይሠራል?

ኩል ዓይንን አያተልቀውም። ጠርዙን ያጠቁርና ነጩ ይበልጥ ነጭ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። ሻርፕነስም ሥራው ይኸው ነው። ሶፍትዌሩ ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን ጠርዝ ይፈልጋል። ከዚያ የጨለመውን ወገን ትንሽ ያጠቁረዋል፣ የበራውን ወገን ትንሽ ያበራዋል። ልዩነቱ ሲሰፋ ዓይናችን «ጥርት አለ» ይላል። ፎቶው ውስጥ ያልነበረ ነገር ግን አልመጣም።

ስለዚህ ፎከሱ የሳተ ፎቶ በሻርፕነስ አይድንም። እጅ ተንቀጥቅጦ የተነሳም እንደዚያው። ሌላም ነገር አለ። ለሶፍትዌሩ ጠርዝ ሁሉ እኩል ነው። የግንቡ ድንጋይ፣ የሙሽራዋ ብጉር፣ ጨለማ ውስጥ የተፈጠረች የኖይዝ ነጥብ (ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚበተነው ነጠብጣብ)፣ ለእሱ ልዩነት የላቸውም። የምትለዩለት እናንተ ናችሁ።

ታዲያ ለምን ሻርፕ እናደርጋለን? የአብዛኛው ካሜራ ሴንሰር እያንዳንዷ ነጥብ የምታየው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ወይ ቀይ፣ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ሰማያዊ። የቀሩትን ሁለቱን ሶፍትዌሩ ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ ይሞላል። በዚህ ግምት ጠርዝ ይለዝባል። ብዙ ካሜራዎች ላይ ደግሞ ከሴንሰሩ ፊት ምስሉን ሆን ብላ የምታለዝብ ስስ ማጣሪያ አለች። የጨርቅ ሽመናን በመሰለ ተደጋጋሚ መስመር ላይ የሚመጣውን የውሸት ሞገድ ለመከላከል የተቀመጠች ናት። በራው (ካሜራው ሳያስተካክለው እንዳለ በሚያስቀምጠው ፋይል) የተነሳ ፎቶ ሲከፈት ለዘብ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ላይትሩም ይህን ስለሚያውቅ ራው ፎቶን ከመጀመሪያው አማውንቱን 40 አድርጎ ይከፍተዋል። ጄፔግን (ካሜራው አስተካክሎና ጨምቆ የሚያስቀምጠውን ፋይል) ግን 0 ላይ ይተወዋል። ካሜራው ጄፔጉን ሲሠራ ራሱ ሻርፕ አድርጎታልና። የስልክ ካሜራ ደግሞ ያበዛዋል። በስልክ የተነሳ ጄፔግ ላይ እንደ ራው ፎቶ 60 እና 70 ከጨመራችሁ የተሠራውን መልሳችሁ እየሠራችሁት ነው። ቅጠል ሁሉ ጠርዙ ይሻክራል። ከ10 እስከ 20 ከበቂ በላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም 0 ላይ መተው ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ስላይደሩን ከመንካታችሁ በፊት

ሻርፕነስ የኤዲቱ መጨረሻ አካባቢ የሚመጣ ሥራ ነው። ብርሃኑን፣ ቀለሙን፣ ክሮፑን፣ የሌንስ እርማቱን ጨርሱ። በተለይ ኤክስፖዠር ይቅደም። ጥላውን በብዙ ስትከፍቱ የተደበቀ ኖይዝ ይወጣል፣ ሻርፕነሱም ያንኑ ያጎላዋል። ኖይዝ መቀነስ ካስፈለገም አሁን ቀንሱ።

ከዚያ ፎቶውን 100% አድርጋችሁ ክፈቱት። ፎቶው ስክሪኑን ሞልቶ እያዩ ስላይደር መጎተት በግምት መሥራት ነው። ሶፍትዌሩ ለስክሪኑ ብሎ ያሳነሰው ምስል ላይ ጠርዙ በትክክል አይታይም። ፒክስሉ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ከሆነ 100% ራሱ ያንሳልና 200% ማየት ያስኬዳል።

እዚያው ሆናችሁ ፎከሱን መርምሩ። ፊት ከሆነ ለካሜራው የቀረበውን ዓይን ተመልከቱ። ሽፋሽፍቱ ካልተለየ ያንን ፎቶ ተዉትና ከተከታታዩ ሌላውን ምረጡ። በጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያለውን ግፊያ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሰው ክርን እየገፋ የተነሳ ፎቶ ብዙው ተንቀሳቅሷል። እሱን ለማዳን ሌሊቱን በስላይደር ከማንጋት ለከርሞ የሹተሩን ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ማድረስ ይቀላል።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን ስላይደሮች ማስተካከል

ስላይደሮቹ አራት ናቸው፦ አማውንት፣ ራዲየስ፣ ዲቴይል፣ ማስኪንግ። ማስኪንግን ለብቻው እናየዋለን።

መጀመሪያ አማውንቱን ለጊዜው 100 ላይ አድርሱት። አዎ፣ ሆን ብላችሁ አብዙት። የሌሎቹ ሥራ ጎልቶ የሚታየው እሱ ሲበዛ ነው። ከዚያ ራዲየስን፣ ዲቴይልንና ማስኪንግን አስተካክሉ። መጨረሻ ላይ አማውንቱን ወደ ልኩ ትመልሱታላችሁ። ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ከሆነ አልት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ጎትቱ፤ ማክ ላይ ኦፕሽን ይባላል። ፎቶው ቀለሙን ጥሎ በግራጫ ይታያል። ስላይደሩ የሚነካው ምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ራዲየስ ጠርዙ ላይ የሚሠመረው መስመር ምን ያህል እንደሚወፍር ይወስናል። የሚለካው በፒክስል ነው፣ ከ0.5 እስከ 3 ይሄዳል። ጥቃቅን ነገር ለበዛበት ፎቶ 0.7 ወይም 0.8፣ ለመደበኛው 1፣ ለፊት 1.2 ወይም 1.3 ጥሩ ነው። ከ1.5 ካለፈ ያ ነጭ መስመር ብቅ ማለት ይጀምራል። ወደ 3 የሚያደርሱ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ አይገባኝም።

ዲቴይል የጥቃቅኑ ሸካራነት ጉዳይ ነው። ዝቅ ሲል ትልልቁ ጠርዝ ብቻ ይሠራበታል፣ ነጩ መስመርም ይገታል። ከፍ ሲል ድንጋዩ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ ትወጣለች፤ ከእሷ ጋር ኖይዙም ይከተላል። ለድንጋይና ለፀጉር ከ35 እስከ 55፣ ለፊት ከ10 እስከ 15 ሞክሩ።

አማውንት ኃይሉ ነው፣ ከ0 እስከ 150። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም። ሌሎቹን ካስተካከላችሁ በኋላ ከ100 ወደ ታች ቀስ እያላችሁ መልሱት። ፎቶው መጮህ ያቆመበት ቦታ ላይ ቁሙ። ለአብዛኛው ራው ፎቶ ከ40 እስከ 70 መካከል ይወድቃል።

ደረጃ 3፦ ማስኪንግ፣ ዋናው ሥራ

አልትን ይዛችሁ ማስኪንግን ስትጎትቱ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ነጭ የሆነው ቦታ ሻርፕ ይደረጋል። ጥቁሩ አይነካም። 0 ላይ ሁሉም ነጭ ነው፤ ሰማዩም፣ ቆዳውም፣ ኖይዙም። ብዙ ሰው ይህን ስላይደር ሳይነካው ያልፋል። ሰማዩ ነጠብጣብ የሚሆነውም በዚህ ነው።

የፋሲል ግንብን ፎቶ ክፈቱና ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። መጀመሪያ ሰማዩ መጥቆር ይጀምራል። ትንሽ ስትገፉ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ይጠቁርና የድንጋዩ ገጽና በድንጋዮቹ መካከል ያለው የኖራ መስመር ነጭ ሆኖ ይቀራል። አሁንም ስትገፉ የድንጋዩ ገጽ ይጠፋል። የማማዎቹ ዙሪያ፣ የመስኮቶቹ ቅስትና የጣሪያው ጥርስ ብቻ ይቀራሉ። የምንፈልገው መካከለኛውን ነው፦ ሰማዩ ጠፍቶ ድንጋዩ የቀረበትን። ቁጥሩ ከፎቶ ፎቶ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ነው። ቁጥሩን አትሸምድዱ፣ ሰማዩ የጠቆረበትን ቦታ እዩ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ማስኪንግ የሰማዩን ገጽ ያድናል እንጂ በማማውና በሰማዩ መካከል ያለውን ነጭ መስመር አያጠፋም። አስቡት፤ ጥቁር ድንጋይ ከደማቅ ሰማይ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በፎቶው ውስጥ ከሁሉ የበረታው ጠርዝ ነው። ማስኪንጉን 90 ብታደርሱት እንኳ እዚያ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መስመሩን የሚቀንሱት ራዲየስና ዲቴይል ናቸው። ራዲየሱን ወደ 0.8፣ ዲቴይሉን ወደ 25 አውርዱ። አሁንም ካለ ብሩሽ አንሱና በማማው ጠርዝ ላይ ሻርፕነሱን ከዜሮ በታች፣ 30 ወይም 40 ዝቅ አድርጋችሁ ቀቡት። የብሩሹ ሻርፕነስ እስከ -50 ድረስ የተጨመረውን ሻርፕነስ ይቀንሳል። ከዚያ በታች ከወረደ ማደብዘዝ ይጀምራል። ስለዚህ -50ን አትለፉ።

መስመሩ ሁልጊዜ ከሻርፕነስ ላይመጣ ይችላል። ቀጭንና ነጭ ከሆነ ሻርፕነስ ነው። ወፈር ብሎ እንደ ጭላንጭል ግንቡን ከከበበው ክላሪቲ (የትልልቁን ቦታ ልዩነት የሚያሰፋው) ወይም ዲሄዝ (ጭጋግ መግፈፊያው) አብዝታችኋል፣ ወይም የሰማዩ ማስክ (ለብቻው የተመረጠው ቦታ) ከግንቡ ጠርዝ ጋር አልገጠመም። ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ የሌንስ ችግር ነው፤ በሌንስ እርማት ክፍል ውስጥ የቀለም መስመሮቹን ማስወገጃ አብሩ። ይህን ሳይለዩ ሻርፕነስን ወደ ታች መጎተት ጥሩውን ፎቶ በከንቱ ማለዘብ ይሆናል።

ማስኪንግ ጠርዝን እንጂ ነገርን አያውቅም። ደመናና ተራራ፣ ግንባር ላይ ያለ መስመርና የዘውድ ጌጥ ለእሱ ያው ጠርዝ ናቸው። አዳዲሶቹ የላይትሩም ስሪቶች ሰማይን ወይም ሰውን በራሳቸው መርጠው ማስክ ያደርጋሉ። ሰማዩን መርጣችሁ ሻርፕነሱን -50 ብታደርጉት በአንድ ጠቅታ ያበቃል። ስማርት ነው፣ ግን የማማው ጫፍ ላይ በትክክል መቆረጡን 100% ላይ ሳታዩ አትመኑት።

ደረጃ 4፦ እንደ ፎቶው ዓይነት

ግንቡ። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች ጥቁር፣ ሸካራ ድንጋይና ነጣ ያለ ኖራ ናቸው። ድንጋዩ ራሱ ጠርዝ በጠርዝ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ደግሞ እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን ጥላ ይጥላል። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ብዙ ሻርፕነስ አያስፈልገውም፤ ብርሃኑ ሥራውን ሠርቷል። አማውንት 50፣ ራዲየስ 0.8፣ ዲቴይል 35፣ ማስኪንግ 30 ላይ ጀምሩ። ቀኑ ደመናማ ከሆነና ድንጋዩ ጠፍጣፋ ከመሰለ አማውንቱን ወደ 65 ከፍ አድርጉ። መዋኛው አጠገብ ቅጥሩን ጠምጥመው የያዙት የዛፍ ሥሮች እንዲሁ ናቸው፤ እነሱ ላይ ዲቴይል 45 ቢሆንም ይችላሉ።

ጥምቀት። ይህ አስቸጋሪው ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። የውሃ ፍንጣቂ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥላ፣ ነጭ ለባሽ ሕዝብ፣ ሩቅ ያለ ፊት። ፍንጣቂውና ጥልፉ ሻርፕነስን ይወዳሉ። ነጩ ልብስ ግን ይጠላል። በጣም የበራ ነጠላ ላይ ሶፍትዌሩ የሚያበራው ነገር ስላጣ የሚታየው የጠቆረው ወገን ብቻ ነው። የነጠላው እጥፋት በግራጫ ብዕር የተሠመረ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ከሻርፕነሱ በፊት ነጩን ዝቅ አድርጉ፤ የሽመናው ዝርዝር ይመለስ። ከዚያ በአጠቃላይ መጠነኛ አድርጉት፦ አማውንት 45፣ ራዲየስ 1፣ ዲቴይል 25፣ ማስኪንግ 50። ዋናውን ነገር፣ ጥላውን ወይም ውሃ ውስጥ የዘለለውን ልጅ፣ በብሩሽ 20 ጨምሩለት። ከጀርባ ያለው ሕዝብ ለዘብ ብሎ ይቅር። ዓይን ወደ ጥርት ያለው ነገር ይሄዳልና የት እንዲያርፍ የምትወስኑት በዚህ ነው።

የሙሽራ ፎቶ። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ጎንደር ላይ ፎቶ አንሺ እረፍት የለውም። የሠርግ ፎቶ ላይ ያለኝ አቋም ጠንከር ያለ ነው፤ ቆዳ ላይ ሻርፕነስ አይደረግም። በቃ። አማውንት 40፣ ራዲየስ 1.2፣ ዲቴይል 10፣ ማስኪንግ ከ70 እስከ 85። አልትን ይዛችሁ ስታዩ ዓይን፣ ቅንድብ፣ ከንፈር፣ የፀጉር መስመርና ጌጥ ብቻ ነጭ ሆነው መቅረት አለባቸው። ጉንጭና ግንባር ጥቁር ይሁኑ። የመልስ ፎቶ ከሆነ ሹሩባውና የካባው ጥልፍ ተጨማሪ ይፈልጋሉ። እነሱን በብሩሽ ከ20 እስከ 25 ጨምሩላቸው። ዓይኑን 15 ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሽራዋ የተቆጣች ትመስላለች።

የሙሽራዋ እናት ደግሞ አሉ። «ልጄ፣ መጨማደዴን አታጉላብኝ» ካሉ ማስኪንግ ብቻ አያድናችሁም፤ መስመሩ ራሱ ጠርዝ ነው። በብሩሽ ቆዳውን -30 ቀቡት። አንድን አዛውንት ካህን በመስኮት ብርሃን ስታነሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የፊቱ መስመርና ጢሙ ናቸው ፎቶው። ማስኪንጉን 30፣ ዲቴይሉን 35 አድርጉት፤ መስመሩን አትፍሩት።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ። የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ፍላሽም አይበራም። አይ ኤስ ኦ 3200 ወይም 6400 ላይ ትደርሳላችሁ፣ ኖይዝ ይመጣል። ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ግን ለእኛ የሚመች ነገር አላቸው። ሠዓሊው ዓይናቸውንና ፊታቸውን በወፍራም ጥቁር መስመር ከቦታል። ጠርዙ ከመነሻው ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ ሻርፕነስ ሩቅ ይሄዳል። ኖይዙን መጀመሪያ ቀንሱ። ላይትሩም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤአይ የሚሠራ የኖይዝ መቀነሻ አለው፣ ለራው ፎቶ እጅግ ጥሩ ነው። ከዚያ አማውንት 35፣ ራዲየስ 1.2፣ ዲቴይል 5፣ ማስኪንግ 60። እዚህ ዲቴይልን ከፍ ማድረግ ያን ሁሉ የጠፋ ኖይዝ ተመለስ ብሎ መጥራት ነው።

ሰሜን ተራሮች የምትወጡ ከሆነ፣ የጭላዳ ፀጉር ላይ ራዲየስ 0.7፣ ዲቴይል 55 ሞክሩ፤ ያምራል። ሩቅ ያለው ገደል በጭጋግ ከደበዘዘ ግን ሻርፕነስ አያወጣውም። ያ የዲሄዝ ሥራ ነው።

ስለ ክላሪቲና ቴክስቸር

እነዚህ ሁለቱ ከሻርፕነስ ጋር ይምታታሉ። ሻርፕነስ ጥቃቅኑ ጠርዝ ላይ ይሠራል። ቴክስቸር ከዚያ ትንሽ ሰፋ ያለውን ሸካራነት ይይዛል። ክላሪቲ ደግሞ የትልልቁን ቦታ ልዩነት ያሰፋል። ሦስቱ ይደመራሉ። ክላሪቲ 40፣ ቴክስቸር 30 አድርጎ ከላይ ሻርፕነስ 70 የጨመረ ሰው ሙሽራዋን አሥር ዓመት አስረጅቷታል። ድንጋይ ላይ ቴክስቸር 20 ከጨመራችሁ አማውንቱን 10 ወይም 15 ቀንሱ። ፊት ላይ ክላሪቲን አትንኩ።

በስልክ፣ በስናፕሲድ

ዲቴይልስ የሚለውን ክፍል ስትከፍቱ ስትራክቸርና ሻርፕኒንግ ታገኛላችሁ። ስትራክቸር ወደ ክላሪቲ የሚጠጋ ነው፤ ጎንደር ላይ የምናየው የተጋነነ ፎቶ ብዙው የእሱ ሥራ ነው። ግንብ ላይ ከ10 እስከ 15፣ ፊት ላይ 0። ሻርፕኒንጉን ከ10 እስከ 20 አድርጉት። ራዲየስና ማስኪንግ የሉም፣ ግን መውጫ አለው። የሠራችኋቸውን ኤዲቶች ዝርዝር ክፈቱ፣ ዲቴይልስን ምረጡና ወደ ብሩሹ ግቡ። ውጤቱ የምትቀቡበት ቦታ ላይ ብቻ ይሠራል። ሰማዩን አትቀቡት፣ ድንጋዩን ቀቡት። በጣት መሥራት ያሰለቻል፤ ቢሆንም ከአንድ ስላይደር ይሻላል።

ፎቶሾፕ ላይ ለምትሠሩ፣ ሌየሩን ቅዱና አንሻርፕ ማስክን ክፈቱ። አማውንት ከ80 እስከ 120%፣ ራዲየስ 0.8፣ ትሬሾልድ 3። ከዚያ የሌየሩን አቀላቀል ሉሚኖሲቲ አድርጉት፤ ብርሃኑን ብቻ እንጂ ቀለሙን አይነካም። ቀሪውን በሌየር ማስክ ቀቡ።

ደረጃ 5፦ ፎቶው ወዴት ይሄዳል?

እስካሁን የሠራነው ለፎቶው ነው። ሁለተኛ፣ አነስተኛ ሻርፕነስ አለ። እሱ ለሚታይበት ቦታ ነው፣ የሚደረገውም መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ነው። 6000 ፒክስል የነበረ ፎቶ ወደ 1080 ሲወርድ ጠርዙ እንደገና ይለዝባል። ላይትሩም ኤክስፖርት ስታደርጉ ይህን ራሱ ያደርግላችኋል። ለስክሪን፣ ለማት ወረቀት ወይም ለግሎሲ ትመርጣላችሁ፤ መጠኑን ዝቅተኛ፣ መደበኛ ወይም ከፍተኛ ትሉታላችሁ።

ለስክሪን ስክሪንና መደበኛ ይበቃል። ለፌስቡክ ረጅሙን ጎን 2048፣ ለኢንስታግራም ስፋቱን 1080 ፒክስል ራሳችሁ አድርጉት። ካልሆነ እነሱ በራሳቸው መንገድ ይቀንሱታል፣ የለፋችሁበት ሻርፕነስም አብሮ ይበላሻል። የቴሌግራም ነገር ደግሞ የደንበኛ ጭቅጭቅ ምንጭ ነው። ፎቶ ሆኖ ሲላክ በተለምዶ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ይሆንና ይጨመቃል። ሙሽራው ያንን አውርዶ ሊያሳትም ይሄዳል፣ ከዚያ «ፎቶው ደብዛዛ ነው» ብሎ ይደውላል። ለሕትመት የሚሆነውን ሁልጊዜ በፋይል መልክ ላኩ።

ሕትመት ላይ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ትንሽ ይሰርጋል፣ ጠርዝም ይለዝባል። ማት ወረቀትና ካንቫስ ላይ ይብሳል፣ ግሎሲ ላይ ያንሳል። ስለዚህ ለሕትመት የተዘጋጀ ፎቶ ስክሪን ላይ ትንሽ በዝቶ ቢታይ አትደንግጡ። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር በ300 ዲፒአይ ለማሳተም 3543 በ4724 ፒክስል ያስፈልጋል። መጠኑን እንዲህ አስተካክላችሁ፣ ለማት ከፍተኛውን፣ ለግሎሲ መደበኛውን ምረጡ። ፊት ከሆነ በሁለቱም አንድ እርከን ዝቅ በሉ።

አንዳንድ የማተሚያ ማሽን ፎቶው ሲገባ በራሱ ሻርፕ ያደርጋል። ስለዚህ የማተሚያ ቤቱን ሰው «ጋሼ፣ ማሽኑ በራሱ የሚያስተካክለው ነገር ካለ ለእኔ ፎቶ ያጥፉልኝ» በሏቸው። መጀመሪያ ግር ሊላቸው ይችላል፤ ሌላው ደንበኛ ሁሉ «ጥርት ይበልልኝ» ነው የሚላቸው። ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊት ደግሞ ከዚያው ፋይል ላይ ፊቱንና ልብሱን የያዘ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ሳታሳንሱ ቆርጣችሁ አሳትሙ። ዋጋው ትንሽ ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ውጭ፣ ወደ ቀን ብርሃን ውጡና እዩት።

ብዙ ፎቶ ሲሆን

የአንድ ሠርግ ስምንት መቶ ፎቶ አንድ በአንድ አይሠራም። ግን የአንዱን ቁጥር ለሁሉም መገልበጥም ልክ አይደለም። ለግንብ፣ ለፊት፣ ለጨለማ ቦታና ለሕዝብ አራት ፕሪሴት (በአንድ ጠቅታ የሚገባ የተቀመጠ የቁጥር ስብስብ) አስቀምጡ። ፕሪሴቱን ስታስቀምጡ የሻርፕነስና የኖይዝ ክፍሎችን ብቻ ምረጡ፣ ቀለምና ብርሃን አይግቡበት። ከዚያ ፎቶዎቹን በቦታ ለዩና በየቡድኑ አስገቡ። ለአልበም የተመረጡትን ብቻ 100% ከፍታችሁ ማስኪንጋቸውን አንድ በአንድ እዩ። በራውና በስልክ ጄፔግ የተነሱ ከተቀላቀሉ መጀመሪያ እነሱን ለዩ፤ ለራው የተሠራ ፕሪሴት የስልኩን ፎቶ ያቃጥለዋል።